ሽቱውንስ ማን ቀመመው?

ሰው አንድ ሥዕል ባየ ጊዜ ሠዓሊው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ መጽሐፍ ባነበበ ጊዜ የደራሲውን ስም ከሽፋኑ ላይ ይፈልጋል፤ ዜማ በሰማ ጊዜም ያዜመው እገሌ ነው ይላል። ሽቱን ግን ያሸተተ ሁሉ «በስንት ተገዛ? ከየትስ መጣ?» ከማለት በቀር «ይህን ማን ቀመመው?» ብሎ ሲጠይቅ አይሰማም። በብልቃጡ ላይ የሚነበበውም ስም አብዛኛውን ጊዜ የልብስ ሰፊው ወይም የነጋዴው ስም ነው። ያን መዓዛ በልቡ አስቦ፥ በሚዛን መዝኖ፥ ወራትና ዓመታት የደከመበት ሰው ሳይጠራ ይቀራል። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስሙ ስለማይጠራ ሙያተኛ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ነገሩን እንድንመረምር ያስገደደን የቤታችን ጉዳይ ነው። ታናሽ እኅታችን የኬሚስትሪ ትምህርቷን ፈጽማ በአንድ መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆነች፤ ደመወዟንም በየወሩ እየተቀበለች አራት ዓመት ያህል ቆየች። ባለፈው ክረምት ግን ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት «ሥራዬን ትቼ ሽቱ ቀማሚ ልሆን ነው» ስትል ተናገረች። አጎታችን ሳቁ፤ እናታችን ግን አልሳቁም። «ልጄ፥ ዕጣን መሸጥ ሥራ ነው፤ ሽታ መሥራት ግን ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። አባታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ምክር በእኛ ላይ ስለ ወደቀ፥ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። እርሷም የምትፈልገው ምክር ብቻ አልነበረም፤ ቤት ለመሥራት ብለን ከባለቤታችን ጋር ካጠራቀምነው ገንዘብ ላይ የሁለት ዓመት መተዳደሪያ እንድናበድራት ትለምን ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩን በችኰላ ልንቆርጥ አልወደድንም። በሙሉ ልቡ ለዚህ ሙያ ያደረ፥ የማንም ተቀጣሪ ሳይሆንም የኖረበት ሰው እንዳለ እንድትነግረን ጠየቅናት። እርሷም ሳታመነታ አንድ ስም ጠራችልን፤ ይኸውም የፈረንሳዊው ሽቱ ቀማሚ የኤድሞን ሩድኒትስካ ስም ነው። እኛም በማታ በማታ ስለ እኒህ ሰው የተጻፈውን እየፈለግን አነበብን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሩድኒትስካ በ1905 ዓ.ም. በኒስ ከተማ ተወለዱ። ከኒስ ብዙም ሳይርቅ፥ ከባሕሩ በላይ ባለው ተራራ ወገብ ላይ፥ ግራስ የሚባል ከተማ አለ። ግራስ በቀድሞ ዘመን የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ነበር፤ ጓንት የሚሠራበት ቆዳ ጠረኑ እንዳያስቀይም በአበባ መዓዛ ያሹት ነበርና፥ ውሎ ሲያድር ቆዳው ቀርቶ ሽቱው ራሱ የከተማው ሙያ ሆነ። ጽጌ ረዳውንና ያስሚኑን መትከል፥ መዓዛውን ማውጣትና መቀመም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ፥ በ2018 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ጽፎታል። ሩድኒትስካም ሥራ የጀመሩት በዚሁ በግራስ ሲሆን፥ ቀጥሎ ደ ሌር በሚባል ኩባንያ ተቀጥረው ለሽቱ መነሻ የሚሆኑ ውሑዶችን እየቀመሙ ብዙ ዓመት አገለገሉ።

በዚያ ዘመን የሽቱ ቀማሚ ዕቃ ከሁለት ወገን የሚመጣ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። አንደኛው ከአበባ፥ ከቅጠል፥ ከእንጨት፥ ከሙጫና ከእንስሳት የሚገኘው የተፈጥሮ ዘይትና ቅባት ነው፤ ሁለተኛው ኬሚስቶች በላቦራቶሪ የሚሠሩት ነው። በመቶ የሚቈጠሩት ብልቃጦች በግማሽ ክብ በተሠራ ባለ ደረጃ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ፥ ፈረንሳዮች መደርደሪያውን በቤተ ክርስቲያን ከሚመታው ኦርጋን ጋር አመሳስለው በዚያው ስም ይጠሩታል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ይህ ስም ነገሩን ቅርብ ያደርግልናል። ኦርጋን መቺ ድምፁን ከቁልፎቹ እንደሚያወጣ ሁሉ፥ ሽቱ ቀማሚም በመደርደሪያው ፊት ተቀምጦ ብልቃጥ እየከፈተ በአፍንጫው የሚሠራ ይመስለን ነበር።

ሩድኒትስካ ግን ሥራውን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነበር። በእርሳቸው ሐሳብ ሽቱ የሚቀመመው በአእምሮ ነው። ቀማሚው እያንዳንዱን ሽታ በትዝታው ውስጥ አድርጎ፥ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ አስቀድሞ በልቡ ያሸትታል፤ ከዚያም ወረቀትና ብዕር ይዞ የመጠኑን ዝርዝር ይጽፋል። አፍንጫ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ሥራውም ሐሳቡ እንደ ታሰበው መሆን አለመሆኑን መፈተን ነው። ዜማ ደራሲ መሣሪያ ሳይነካ ዜማውን በጆሮው እየሰማ እንደሚጽፍ ማለት ነው። ስለዚህ የቀማሚ ሀብቱ ከሌላው ሰው አፍንጫ የበለጠ አፍንጫ መያዙ ሳይሆን፥ በብዙ ዓመት ልምምድ የተከማቸ ትዝታና ፍርድ ነው።

ይህ አሳብ በደኅና ጊዜ ብቻ የሚሠራ እንዳልሆነ የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። በ1943 ዓ.ም. ፓሪስ በጀርመኖች እጅ በነበረችበት፥ ምግብም ከሰልም በጠፋበት ጊዜ፥ ሩድኒትስካ «ፋም» የተባለውን ሽቱ ቀመሙ፤ ትርጓሜውም «ሴት» ማለት ነው። የሠሩበትም ቤት፥ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፥ በአንድ ወገን የቆሻሻ መጣያ፥ በሌላው ወገን የቀለም ፋብሪካ ያለበት ነበር። ሽቱው የበሰለ የፕሪምና የኮክ ሽታ ከእንጨትና ከጫካ ሽታ ጋር የተዋሐደበት ሲሆን፥ በ1944 ዓ.ም. በልብስ ሰፊው በማርሴል ሮሻ ስም ወጣ። በዙሪያቸው ከሚሸተው ነገር አንዳችም ለዚህ አይረዳም ነበርና፥ መዓዛው ከየት መጣ ቢባል ከልባቸው መጣ ከማለት በቀር መልስ የለውም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፥ በ1946 ዓ.ም.፥ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቴሬዝ ጋር «አር ኤ ፓርፈም» የሚል ስም ያለው የራሳቸውን ድርጅት አቆሙ፤ «ጥበብና ሽቱ» እንደ ማለት ነው። ወይዘሮዋ የኬሚስትሪ ዕውቀት የነበራቸው ስለ ሆነ የቤቱም የሥራውም አጋር ሆኑ። ከግራስ አጠገብ ባለችው በካብሪ መንደርም ቤትና ላቦራቶሪ ሠርተው በሰፊ የአትክልት ስፍራ መካከል ተቀመጡ። ብዙዎቹ ቀማሚዎች በትላልቅ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥረው፥ በአንድ ጊዜ ለብዙ ደንበኛ እየሠሩ፥ ቀን ተቈርጦላቸው ይደክማሉ። ሩድኒትስካ ግን ጥቂት ሥራ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ መሥራትን መረጡ። ነጻነት ሲሉ የፈለጉትን ማድረግ ማለታቸው አልነበረም፤ በአንድ ነገር ላይ እስኪጠራ ድረስ የመቈየት መብት ማለታቸው ነበር። ስማቸው የሚጠራበት ሥራ በቍጥር ጥቂት መሆኑም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ መብት ምን እንዳፈራ ለማየት የአንዲት አበባ ታሪክ ይበቃል። በፈረንሳይ አገር ሙጌ የምትባል፥ በዛፍ ጥላ ሥር የምትበቅል፥ እንደ ትንንሽ ደወል የተንጠለጠሉ ነጫጭ አበቦች ያሏት ተክል አለች። ሕዝቡ በየዓመቱ ሜይ 1 ቀን ለመልካም ዕድል እርስ በርሱ ይሰጣጣታል። መዓዛዋ እጅግ ያማረ ሲሆን፥ እንደ ጽጌ ረዳ ቢያፈሏት ወይም እንደ ያስሚን በማሟሚያ ቢያወጧት ለሽቱ የሚሆን ዘይት አትሰጥም። እንግዲህ የሙጌን ሽታ በብልቃጥ ማኖር የሚፈልግ ሰው ከሌሎች ነገሮች አሰባስቦ እንደ አዲስ ሊፈጥራት ይገባዋል። ሩድኒትስካ አበባዋን በአትክልታቸው ተከሉና በምታብብባቸው ጥቂት ሳምንታት በቦታዋ እየተገኙ አጠኗት፤ የአበባዋን ሽታ ብቻ ሳይሆን የቅጠሏንና በዙሪያዋ ያለውን እርጥብ አፈር ጭምር አስተዋሉ። ከብዙ ድካም በኋላ በ1956 ዓ.ም. «ዲዮሪሲሞ» ወጣ። ሙጌ ልብስ ሰፊው ክርስቲያን ዲዮር ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት አበባ ነበረች፤ ሽቱውም የተጠራው በእርሳቸው ስም ነው። የቀማሚው ስም ግን እንደ ልማዱ በብልቃጡ ላይ አልነበረም።

በዚህ ሥራ ሩድኒትስካ ያሰቡት ሌላም ነገር አለ። የዘመኑ ሽቱ ጣፋጭነት በዝቶበት ከመዓዛነት ይልቅ ወደ ከረሜላ ያዘነበለ ስለ መሰላቸው፥ ከዝርዝሩ ላይ መቀነስን ሥርዓታቸው አደረጉ። ይህን ነገር የቤት እመቤቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ወጥ መሥራት ገና የጀመረች ልጅ ጣዕሙ ያነሰ በመሰላት ቍጥር ኮረሪማውንም፥ ጥቁር አዝሙዱንም፥ መከለሻውንም ትጨምራለች፤ በመጨረሻም የዶሮው ጣዕም ጠፍቶ ቅመሙ ብቻ ይቀራል። የለመደችው ግን ምን እንደምትተው ታውቃለች። በ1966 ዓ.ም. ያወጡት «ኦ ሶቫዥ» የተባለው የወንዶች ሽቱም እንዲሁ ነው። የጄኔቫው የፊርሜኒሽ ኩባንያ ኬሚስቶች የያስሚንን ሽታ ሲመረምሩ ያገኙት ሄዲዮን የተባለ ነገር ነበር፤ ብቻውን ሲሸተት ደካማ ነው። ሩድኒትስካ ግን በጥቂቱ ከሎሚና ከቅጠላ ቅጠል ሽታ ጋር ሲገባ ለሌላው ሁሉ አየርና ብርሃን እንደሚሰጥ አስተዋሉ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ይህ ነገር የማይገባበት ሽቱ ጥቂት ነው።

ለቤተሰብ ገጽ የሚስማማ አንድ ታሪክ እንጨምር። ሩድኒትስካ ለባለቤታቸው ብቻ የቀመሙት አንድ ሽቱ ነበር። ለገበያ አላወጡትም፤ ወይዘሮ ቴሬዝ ብቻቸውን ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተቀቡት። ሩድኒትስካ በ1996 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ፍሬዴሪክ ማል የተባለ ሰው የቀማሚዎችን ስም በብልቃጥ ላይ የሚጽፍ ድርጅት አቋቁሞ ነበርና፥ በወይዘሮዋ ፈቃድ ያ ሽቱ በ2000 ዓ.ም. «የቴሬዝ ሽቱ» ተብሎ ወጣ። እነሆ፥ በሕይወታቸው ሳሉ በልብስ ሰፊዎች ስም የሠሩት ሰው፥ ከሞቱ በኋላ በራሳቸው ስም የተነበበላቸው ለሚስታቸው ባደረጉት ስጦታ ነው።

ሩድኒትስካ ሽቱ እንደ ዜማና እንደ ሥዕል የጥበብ ሥራ መሆኑን፥ ቀማሚውም እንደ ደራሲ በሕግ ሊጠበቅ እንደሚገባው በመጻሕፍታቸው ሲከራከሩ ኖረዋል። ነገሩ ዛሬም አልተቈረጠም። በ2006 ዓ.ም. በጁን ወር ሁለት ታላላቅ ፍርድ ቤቶች በቀናት ልዩነት ተቃራኒ ፍርድ ሰጡ። የፈረንሳይ ሰበር ችሎት የሽቱ መዓዛ በሙያ ዕውቀት ብቻ የሚገኝ ስለ ሆነ የደራሲነት መብት የለውም ሲል፥ የኔዘርላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ሊኖረው ይችላል ብሎ ፈረደ። በፈረንሳይ ክርክሩን ያቀረበችው አንዲት ሽቱ ቀማሚ ነበረች። እንግዲህ የሽቱ አገር በምትባለው በፈረንሳይ እንኳ ቀማሚ እንደ ደራሲ አልተቈጠረም ማለት ነው። ይህን ለእኅታችን ስንነግራት «አውቃለሁ፥ አያ» ብላ ብቻ ዝም አለች።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ የምንመለሰውም በከንቱ አይደለም። ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ በከብት ቀንድ እየተሞላ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንሳይ ሽቱ ቤቶች ለብዙ ዘመን ሲላክ የኖረ ነው። ዝባድን በቀንዱ አፍ ላይ ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ እጅግ በጥቂቱ በአልኮል ተበጥብጦ ከአበባ ጋር ሲገባ ግን ለመዓዛው ሙቀትና ዕድሜ ይሰጠዋል። ያው አንዱ ነገር በመጠኑ ምክንያት ክፉም መልካምም ይሆናል፤ የቀማሚ ዕውቀት ሁሉ በዚህች ላይ ይቆማል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባሉ ኬሚስት በ1926 ዓ.ም. ዝባድን ዝባድ የሚያደርገውን ሲቬቶንን መርምረው ገለጡ፤ በ1939 ዓ.ም. ለኖቤል ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎችም አንዱ ይህ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ሽቱ ቤቶች፥ ለእንስሳውም ሥቃይ በማዘን፥ በላቦራቶሪ በተሠራው ይጠቀማሉ። ጥሬ ዕቃን ብቻ የሚሸጥ አገር ሌላው ኬሚስት እስኪነቃ ድረስ ብቻ ይሸጣል ማለት ነው።

ዕጣናችንም እንዲሁ ነው። በትግራይ ቈላ፥ በሰው አፍ መቐር በሚባለው ዛፍ ላይ ቅርፊቱ እየተፋቀ የሚወጣው ዕንባ ተለቅሞ፥ በጆንያ ተሞልቶ፥ በኪሎ ተመዝኖ ይሄዳል። በ2019 ዓ.ም. የወጣ አንድ ሳይንሳዊ ጥናት ወጣት ዛፎች ባለመተካታቸው የዚህ ዛፍ የዕጣን ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። በኪሎ የሄደው ዕጣን በጠብታ ተቀምሞ ሲመለስ ዋጋው እልፍ መሆኑን በሱቅ መስታወት ውስጥ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመካከሉ የተጨመረው ምንድን ነው ቢባል፥ ብልቃጡና ማስታወቂያው ብዙውን ድርሻ ቢይዙም፥ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን አሳብ ነው። የእኛ እናቶች አሪቲውን፥ አደሱን፥ ጠጅ ሣሩንና ብርጉዱን አስማምተው ቅቤና ጢስ ሲቀምሙ ኖረዋል፤ አሳቡ አላነሳቸውም። ያነሳቸው ነገር ቢኖር መጠኑን የሚጽፍ ደብተርና ስማቸውን የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ካሰብን በኋላ እኅታችን የደረሰችበትን እንድታሳየን ጠየቅናት። እርሷም አንድ ደብተርና ሦስት ትንንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። በደብተሩ ውስጥ አርባ አንድ ሙከራ ከነሚዛኑ ተጽፎ ነበር። ልትሠራ ያሰበችው ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናም በቈላው ድንጋይና በመቐሩ ቅርፊት ላይ ሲወርድ የሚነሣውን ሽታ ነው። በቀጭን ወረቀት ነክራ ለእናታችን ሰጠቻቸው። እናታችን ወረቀቱን ጥቂት ጊዜ ከአፍንጫቸው ሳያርቁ ከቆዩ በኋላ «ዕጣኑ በዝቷል፤ ዝናም እኮ ነው ያልሽው እንጂ ቅዳሴ አላልሽም» አሏት። ልጅቱ አልተከፋችም፤ ደብተሩን ገልጣ አርባ ሁለተኛውን ጻፈች። በዚያች ሰዓት እናታችን «ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ያሉትን ጥያቄ ራሳቸው እንደ መለሱት ተረዳን።

ገንዘቡ ግን የእኛ ብቻ ስላልሆነ ባለቤታችንን አማከርን። ባለቤታችንም «ቤቱ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ኪራያችንን እየከፈልን እንቆያለን፤ ግን ደብተሩን ጠብቃ ትያዝ፥ በብልቃጡም ላይ የራሷን ስም ትጻፍበት» ስትል ሁለት ነገር አዘዘች። እኛም ሦስተኛውን ጨመርን፤ ይኸውም ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ሒሳቧን በቤተ ዘመድ ፊት እንድታቀርብና፥ ካልተሳካላት ወደ ላቦራቶሪ ሥራ ለመመለስ እንዳታፍር ነው። ይህን ስንጽፍ ከጀመረች ስድስት ወር ሆኗታል። ትርፍ ገና አላገኘችም፤ አጎታችንም አልፎ አልፎ ይስቃሉ፤ የቤታችን መሠረትም አልተቈፈረም።

ክቡራን አንባቢያን ሆይ፥ ልጆቻችሁ ስሙን ያልሰማችሁትን ሙያ ይዘው በመጡ ጊዜ፥ ቶሎ ብላችሁ እሺ እንድትሉ አንመክራችሁም፤ ደመወዝ የሚናቅ ነገር አይደለምና። ነገር ግን «ደብተርሽን አምጪ፥ እስቲ የሞከርሽውን አሳዪን» በሉ። ደብተር የሌለው ምኞት ነው፤ ደብተር ያለው ግን ሥራ ነው። ብልቃጥ በእጃችሁ የያዛችሁም፥ ከዋጋው በኋላ «ማን ቀመመው?» ብሎ መጠየቅን ልመዱ። ጠያቂ ከበዛ ስሙን የሚጽፍ አይጠፋም።